ሕፃን መኪና ውስጥ ተኝቶ ከቀረ ሹፌሩ ይሰናበት?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ጠዋት ተማሪዎችን አውርዶ መኪናውን አቆመ። የመጨረሻው ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣለውን የ5 ዓመት ሕፃን አላየም። ከ40 ደቂቃ በኋላ የጥበቃ ሠራተኛ የመስኮት መንኳኳት ሰምቶ ልጁን አወጣው። ልጁ ደህና ነው። ሹፌሩ በ9 ዓመት አገልግሎቱ ሌላ ጥፋት የለበትም፤ ስህተቱንም ወዲያው አምኗል። ምን ይደረግ?

ወላጅ፦ ይሰናበት። ልጁ የተረፈው ጠዋት ስለነበረ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ሊሞቅ ይችላል፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። እንግዲህ 40 ደቂቃውን እናንተው አስሉት። ዘጠኝ ዓመት ማንንም አልጎዳም ማለት መከላከያ ነው እንዴ? የተቀጠረው ለዚያው ነው።

ሹፌር፦ እህቴ፣ እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ ባልደረባዬን ነጻ ላወጣው አልመጣሁም። ሞተር አጥፍቼ እስከ ኋላ ወንበር ሳልሄድ ከመኪና አልወርድም። ስሄድም ቆሜ አይደለም፤ በየወንበሩ ጎንበስ እላለሁ፣ ምክንያቱም መስታወቱ የተቀመጠ ልጅ ጭንቅላት እንጂ የተጋደመውን አያሳይም። አንድ ቀን የተረሳ ሹራብ መስሎኝ ያነሣሁት ልጅ ነበር። እጄ ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ቆየ። ይህ ፍተሻ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ነገር ግን ሁለተኛውን ዙር ለመጀመር ስንት ደቂቃ እንደተሰጠው የጠየቀ አለ?

የስምሪት ኃላፊ፦ ደቂቃ አነሰኝ ማለት ለእኔ ምክንያት አይሆንም። የሚዘገይ ሹፌር ይዘግይ፤ ስልክ ደውሎ ያሳውቅ። ይልቅ መሣሪያውን እናንሣ። ሞተሩ ሲጠፋ ከመኪናው ጀርባ ያለውን ቁልፍ ሄደው ካልተጫኑት ጥሩንባው የሚጮህበት ሥርዓት አለ። ሹፌሩ ሳይወድ በግድ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሹፌር፦ ይሄዳል? በመጨረሻ የሚወርደውን ተማሪ «እስቲ ተጫንልኝ» ብሎ የሚልክ አውቃለሁ። እንዲህ ያለው በእኔ ሚዛን በዚያኑ ቀን ይሰናበት። የዘነጋና ፍተሻውን አውቆ ያታለለ አንድ ቅጣት አይቀበሉም።

መምህርት፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በስህተት ላይ ብዙ የጻፈው ብሪታንያዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄምስ ሪዝን አደጋን የሚያየው የአንድ ሰው ጥፋት ብቻ አድርጎ አይደለም፤ በተደራረቡ መከላከያዎች ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ሲገጣጠሙ የሚያልፍ ነገር ነው ይላል። ሹፌሩ አንዱ መከላከያ ነው። ሌላው የክፍሉ ስም ጥሪ ነው፤ ልጁ ሲቀር ወዲያው ወደ ቤቱ ቢደወል ኖሮ 40 ደቂቃ ባልሞላ ነበር። ደግሞስ አምኖ የተናገረውን ካባረርነው፣ ነገ ልጅ የረሳው ሹፌር ማንም ሳያይ ክፍል አስገብቶት ዝም አይልም?

ወላጅ፦ የመጨረሻዋ ነገር አስፈራችኝ። ለመሆኑ የዚያ ክፍል ስም ጥሪ በሰዓቱ ተደርጎ ነበር? መኪናውስ ያ ቁልፍ ነበረው?

ጥያቄውን ያቀረበው፦ ቁልፉ አልነበረውም። ስም ጥሪው በሰዓቱ ተደርጓል፤ ልጁም «ቀሪ» ተብሎ ተመዝግቧል። ወደ ቤት ግን ማንም አልደወለም።

የስምሪት ኃላፊ፦ እንግዲያው ያለ ደመወዝ ይታገድ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፣ እንደገና ሠልጥኖ ይመለስ። ሳይደውል የቀረውም ይጠየቅ።

ወላጅ፦ ስንብቱን ትቻለሁ። የእኔ ልጅ በምትሳፈርበት መስመር ግን አይመደብ። ይህን አትንፈጉኝ።

ሹፌር፦ እኔም ብሆን የምለምነው ይህንኑ ነው እህቴ።