አረንጓዴ ጥለት ግሪን ስክሪን ላይ፦ ነጠላውን እንዴት ላትርፈው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሦስት ሥራ ይዣለሁ። አንዱ ለልጆች ዝግጅት መክፈቻ የሚሆን የፊደል አኒሜሽን ነው። ሁለተኛው የቡና ማስታወቂያ ነው፤ እንፋሎቱን ጥቁር ጨርቅ ፊት ቀርጬ በስክሪን ሞድ (ጥቁሩን አጥፍቶ ብሩሁን ብቻ በሚያስቀር አደራረብ) ጀበናው ላይ ጫንኩት፣ አልቋል። እንቅልፍ የነሳኝ ሦስተኛው ነው።

ለእንቁጣጣሽ የ30 ሰከንድ ሥራ ነው። አንዲት ልጅ ነጠላ ለብሳ አደይ አበባ መሃል ትሄዳለች። ሜዳውን በብሌንደር፣ በ3ዲ መሥሪያው ፕሮግራም፣ ሠራሁት፤ ልጅቷን ግሪን ስክሪን (በኋላ ተነሥቶ በሌላ ምስል የሚተካ አረንጓዴ ጀርባ) ላይ ቀረጽናት። ነጠላው የእናቴ ነው፤ ጥለቱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ። በቀረጻው ቀን ማናችንም ልብ አላልንም። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ኪይላይትን፣ አረንጓዴውን መርጦ የሚያጠፋውን (ኪይ የሚያደርገውን) መሣሪያ፣ ስጭንበት አረንጓዴው መስመር ከጀርባው ጋር አብሮ ጠፋ። በልጅቷ ትከሻ አልፎ አበባው ይታያል። ለእናቴ ሳሳያት መጀመሪያ ያለችኝ «ጥለቱ የታለ?» ነው።

ኪዩን ሳላላው ጥለቱ ይመለሳል፣ ጀርባው ግን ይቆሽሻል። ዘርፉም አስቸግሮኛል፤ ክሮቹ ተቆራርጠው ጥርስ ያወጣሉ። ካሜራው 8 ቢት፣ 4:2:0 ነው፤ የቀለም መረጃን ቀንሶ ነው የሚቀዳው። ደግሜ መቅረጽ አልችልም። የጥለቱን ቀለም ቀይሪው ያሉኝ አሉ፤ አልፈልግም። ሸማኔው የመረጠው ቀለም ነው። ያስቸገረኝ ቦታ 6 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲባዛ 150 ፍሬም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
ልጄ፣ ሁሉንም በአንድ ኪይ ለማውጣት አትድከሚ። እኔ 20 ዓመት ኤዲቲንግ ላይ ነኝ፤ ንጹሕ ኪይ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ኪይ ተደራርቦ ነው። ለገላዋ አንድ ጠንካራ፣ ለዘርፉ አንድ ለስላሳ ሥሪ።

ለጥለቱ ደግሞ ምንም ያልተነካውን ቀረጻ ዱፕሊኬት አድርጊና ከላይ አስቀምጪው። ጥለቱን ብቻ ማስክ አድርጊ፣ ማለትም ዙሪያውን ከልለሽ ሌላውን ደብቂ። ደረቷ ላይ ጨርቁ ዝርግ ስለሆነ ሞቻ፣ እንቅስቃሴ ተከታዩ መሣሪያ፣ ይከተልልሻል። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሞቻ ይስታል፤ እዚያ ፍሬም በፍሬም በእጅ ነው። ዲስፒሉን (ከጀርባው ተንጸባርቆ ያረፈውን አረንጓዴ ማጥፋቱን) እዚህ ሌየር ላይ አታድርጊ፣ አረንጓዴውን ያደበዝዝብሻል።

ሌላም ነገር። ነጠላ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። አረንጓዴውን ሙሉ በሙሉ አጥበሽ ግራጫ ብታደርጊው የወረቀት ቁራጭ ይመስላል። በአደይ መሃል የቆመች ሰው ነጠላ ቢጫ ብርሃን ይነካዋል። ዲስፒሉ ባነሳው ፈንታ ያንን ቢጫ መልሺለት።

መልስ 2፦
የክሮቹ ጥርስ ከካሜራው ነው። 4:2:0 ሲሆን አራት ፒክስል አንድ የቀለም መረጃ ይጋራሉ፤ የብርሃኑ መረጃ ግን ለእያንዳንዱ ፒክስል አለ። ቀጭን ክር እዚያ ላይ ይሞታል። 4ኬ ከሆነ የቀረጽሽው፣ ኪዩን በ4ኬ ሠርተሽ መጨረሻ ላይ ወደ 1080 አውርጂው፤ ጠርዙ በጣም ይለሰልሳል። ለሚቀጥለው ሰማያዊ ጨርቅ ዘርጊ። ብዙ ካሜራ ላይ ሰማያዊው ቻናል ኖይዝ (የምስል ብናኝ) ይበዛበታል፤ ስለዚህ መብራት አትቆጥቢ።

መልስ 3፦
የፊደሉን ሥራ ብትነግሪን? እኔ ሞክሬ ፊደሎቹ ዝም ብለው ፌድ ከማድረግ አላለፉም።

ጠያቂ፦
ፎንቱን ተውኩት። ፎንት ውስጥ «ሉ» አንድ ቅርጽ ነው፣ እጁን ለብቻ ማንቀሳቀስ አይቻልም። ስለዚህ በሼፕ ሌየር፣ አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ቅርጽ በሚሣልበት ሌየር፣ ሣልኩት። «ለ» ቆማ ሳለ ቀኝ ጎኗ ላይ እጅ ይወጣና ካዕብ ትሆናለች። እጁ ወደ እግሯ ሲወርድ ሣልስ። እዚያው እግሯ ሥር ቀለበት ሲጠመዘዝ ኃምስ። የሚያድገውን መስመር በትሪም ፓዝ፣ መስመርን ከጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ በሚገልጠው መሣሪያ፣ ነው የማወጣው። ልጅ ሆኜ በጣት እየተከተልኩ የተማርኩት እንደዚሁ ስለነበር፣ ሕፃናቱም መስመሩ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

ስለ ጥለቱ፦ ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ደረቷ ላይ ሞቻ ያዘልኝ። ትከሻዋ ላይ ጨርቁ ሲታጠፍ 43 ፍሬም በእጅ ሠራሁ፤ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። አሁን ሦስቱም ቀለም አለ። ቢጫውን ብርሃን ስጨምርበት ልጅቷ ሜዳው ውስጥ ገባች፤ ከዚያ በፊት ሜዳው ላይ የተለጠፈች ነበር የምትመስለው። ቀረጻው 4ኬ ስለሆነ ዛሬ ማታ ዘርፉ ላይ እገባለሁ። ግራ እጇ አጠገብ ሁለት ክር እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ፍሬሞቹን እለጥፋለሁ፣ እዩልኝ።