የ16 ሚሊሜትር የሙከራ (ኤክስፐሪመንታል) አጭር ፊልም ስገዛ ምን ልይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ የሙከራ አጭር ፊልም ቅጂ ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ዲጂታሉ እያለ ሰው ለምን ይህን ይሰበስባል? ስገዛስ ምን ልመርምር?

መልስ 1፦ የአሜሪካዊውን የሙከራ ፊልም ሠሪ የስታን ብራካጅን «ሞዝላይት» (እ.ኤ.አ. 1963) አስብ። ያለ ካሜራ ነው የተሠራው፤ የእሳት እራት ክንፍና ቅጠል በግልጽ ቴፕ መካከል ተጣብቆ፣ ከዚያ ታትሞ። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ የፊልም ጥቅሉ ራሱ ነው። ብርሃን በቅጂው አልፎ ሸራ ላይ ሲያርፍ ማየትን ዲጂታል አይተካውም።

መልስ 2፦ እሱስ ልክ፣ ግን መጀመሪያ ጣሳውን ከፍተህ አሽትት። ኮምጣጤ ከሸተተህ አሲቴቱ (ፊልሙ የተሠራበት ፕላስቲክ) መበስበስ ጀምሯል። አይመለስም፤ ጋዙም ሌሎች ፊልሞችህን ያበላሻል፣ ስለዚህ ለብቻው አስቀምጠው። ቅዝቃዜና ደረቅ አየር ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ሁሉ ነገር ወደ ሮዝ ካደላ ደግሞ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ዋጋ አስቀንስ። የተኮማተረ ፊልም ፕሮጀክተር ላይ አትጫን፣ የፕሮጀክተሩ ጥርስ የፊልሙን የጠርዝ ቀዳዳዎች ይቀድዳቸዋል።

መልስ 3፦ ጠርዙ ላይ ያለው የኮዳክ ምልክት ጥሬ ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ይነግርሃል፤ ግን በየ20 ዓመቱ ስለሚደጋገም ብቻውን አትመነው። ርዝመቱንም ለካ፦ 100 ጫማ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ፣ በ18 ፍሬም 3 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ይሄዳል። ከፊልሙ የታወቀ ርዝመት ካጠረ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።