የመንደር አስማት፦ ለሦስቱ ጠረጴዛዎች የጋራ ረቂቅ

ሰብሳቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስቱም ጠረጴዛዎች (የተጫዋች ቡድኖች) በአንድ ዓለም ስለሚጫወቱ፣ 200 ነዋሪ ያለው መንደር በአስማት ምን ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስን ረቂቅ አዘጋጅተን ለዲኤሞቹ (ጨዋታውን ለሚመሩት) እናቅርብ። ሕጉ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የምናብ ጨዋታ የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) 5ኛ እትም ነው። መንደሩ ያለው አንድ 5ኛ ደረጃ ድሩይድ (የተፈጥሮ ደጋሚ)፣ አንድ 1ኛ ደረጃ ክሌሪክ (የእምነት ደጋሚ)፣ ካንትሪፕ (ያለ ገደብ የሚደገም ቀላል ድግምት) ብቻ የሚችል አንድ ተለማማጅ፣ በካዝናው ደግሞ 300 ወርቅ። ሐሳብ ስታቀርቡ ስፋቱን፣ የሚፈጀውን ጊዜና የሚያበቃበትን ጻፉ። «በአስማት ይሠራል» ብቻ ብሎ ማለፍ አይሠራም።

የድሩይድ ተጫዋች
ተክል የሚያበለጽገው ድግምት፣ ፕላንት ግሮውዝ፣ ይቅደም። በአንድ አክሽን (በውጊያ የአንድ ተራ እርምጃ) ከተደገመ ጠላት የሚያደናቅፍ ቁጥቋጦ ነው፤ በ8 ሰዓት ከተደገመ ግን በግማሽ ማይል ራዲየስ ውስጥ ያለ ተክል ሁሉ ለአንድ ዓመት እጥፍ ያፈራል። ግማሽ ማይል 800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ስፋቱ ወደ 200 ሄክታር ይመጣል፣ በድሮው ልክ አምስት ጋሻ መሬት። ዋጋው አንድ 3ኛ ደረጃ ስሎት (ደጋሚ በቀን የተወሰነ ብቻ ያለው የድግምት አቅም) ብቻ ነው፤ የድግምት ደረጃና የደጋሚ ደረጃ ለየቅል ናቸው።

አደጋው ስምንቱ ሰዓት ላይ ነው። ረጅም ድግምት እስኪያልቅ ድረስ ኮንሰንትሬሽን (ያልተቋረጠ ትኩረት) ይጠይቃል። ድሩይዱን ንብ ነድፎት የትኩረቱን የዳይስ ፈተና ቢወድቅ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል የደከመበት ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ስሎቱ አይጠፋም፣ ቀኑ ግን ይጠፋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ይጀመር፣ ሁለት ጠባቂ ይቁም፣ ከብትም ወደዚያ አይነዳ።

ሂሳብ ያዥ
ዓመቱ የሚቆጠረው ከተደገመበት ቀን ከሆነ፣ ከአጨዳው ሁለት ሳምንት ቀድመን ብንደግም የዘንድሮውም የከርሞውም ምርት አይገባም? ሁለት ጊዜ ደርበን ብንደግምስ፣ አራት እጥፍ አይሆንም?

የድሩይድ ተጫዋች
መደረቡን ተወው ወንድሜ፣ የአንድ ድግምት ውጤት በራሱ ላይ አይደመርም። የመጀመሪያው ጥያቄህ ግን ጥሩ ነው፣ ሆኖም ሁለት ሳምንት ከቀደምን ዓመቱ ከከርሞው አጨዳ ሁለት ሳምንት በፊት ያልቃል። ሌላም አለ፦ የድግምቱ ጽሑፍ የሚለው «ተክሎች» እንጂ «መሬት» አይደለም። ከድግምቱ በኋላ የተዘራ እህል ይካተታል ወይ? ዲኤም ሁሉ የየራሱን ይበይናል፣ ጠብ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። እኔ የምለው፣ ቡቃያው ከመሬት ከወጣ በኋላ ይደገም፤ ያን ጊዜ ማንም አይከራከርም። ቋሚ ፍሬ ዛፍ ላይም ያንተ ዘዴ የሚሠራው የከርሞው ፍሬ ዓመቱ ሳይሞላ ከደረሰ ብቻ ነው። ይልቅ ጎተራውን አስቡበት። እጥፍ ምርት እጥፍ ጎተራና እጥፍ አጫጅ ይፈልጋል። ያንን ያላሰበ መንደር ግማሹን ለአይጥ ነው የሚያበላው።

የክሌሪክ ተጫዋች
ወደ ውሃ ልምጣ። ክሪኤት ዎተር በአንድ 1ኛ ደረጃ ስሎት 10 ጋሎን፣ 38 ሊትር ያህል ይሰጣል። ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን ሲታሰብ፣ ሁለቱም ስሎቶች ተደምረው ለ20 ሰው ነው የሚበቁት። ለ200 ሰው አያዋጣም።

ምግብና መጠጥ የሚያጠራው ፒዩሪፋይ ፉድ ኤንድ ድሪንክ ይሻላል። በሪቹዋል (በዝግታ ሥርዓት) ከተደገመ 10 ደቂቃ ይጨምራል እንጂ ስሎት አይበላም። አሠራሩ፦ አምስት በርሜል የወንዝ ውሃ ይሞላ። የሕጉ በርሜል 40 ጋሎን ስለሚይዝ ለ200 ሰው ልክ ነው፤ ስድስተኛው መጠባበቂያ ይሁን። በርሜሎቹ ተጠጋግተው በክብ ይቁሙ። ድግምቱ 1.5 ሜትር ራዲየስ ያለው ሉል ስለሆነ ማዕከሉን መሬት ላይ ሳይሆን በርሜሉ ወገብ ከፍታ ላይ አድርጉት፣ በርሜሎቹ ሁሉ ሳይጠራጠሩ በሉሉ ውስጥ ይገባሉ።

ጉድጓዱን በቀጥታ ማጥራት የሚፈልግ አለ፤ አይሆንም። ድግምቱ በቅጽበት ሠርቶ ያበቃል፣ ከሥር የሚመነጨው አዲስ ውሃ እንደነበረው ነው። ክሌሪኩም በዚያ ቀን ድግምቱን ካላዘጋጀው በሪቹዋል ሊደግመው አይችልም። ይኼ ሁልጊዜ ይረሳል።

ሂሳብ ያዥ
የመብራቱን ሒሳብ ሠራሁ። ችቦ በሰዓት 1 መዳብ (የአንድ ወርቅ መቶኛ) ነው፤ በሌሊት 10 ሰዓት ቢነድ በዓመት 36 ወርቅ ተኩል ይበላል። የማይጠፋ ነበልባል የሚሰጠው ኮንቲኒዩአል ፍሌም የ50 ወርቅ የሩቢ ዱቄት ይፈጃል፤ 2ኛ ደረጃ ስለሆነ የእኛ ክሌሪክ አይችለውም፣ ከከተማ ደጋሚ ይመጣል። ሕጉ ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ከ10 እስከ 50 ወርቅ ይላል። 20 ብንስማማ፣ 70 ወርቁ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል። ካዝናው አራት ይችላል፣ እኔ ግን ከሁለት በላይ አልፈርምም።

የተለማማጁ ተጫዋች
ሁለት ይበቃል፣ ግን በፋኖስ ላይ አታስደግሙት፣ በነጋታው ይሰረቃል። በበሩ ቅስት ድንጋይ ላይ ይደገም፣ ለእንቅልፍ የቆዳ መሸፈኛ ይሰቀልበት። ነበልባሉ ሙቀትም የለው፣ አየርም አይፈልግ፣ ስለዚህ ቆዳው አይቃጠልም።

የእኔ ድርሻ ሜንዲንግ፣ የጥገናው ካንትሪፕ፣ ነው። አንድ ስብራት፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ በአንድ ደቂቃ። አምስት ቦታ የተሰበረ እንስራ ሲመጣልኝ አንድ ስብራት ብሎ መቁጠር ማጭበርበር ነው፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የራሱን ደቂቃ ይውሰድ። ስባሪዎቹ በመጀመሪያ በገመድ ይታሰሩ፣ ከታች ወደ ላይ ይጠገን። የጎደለ ቁራጭ ካለ ቀዳዳው ይቀራል። ተበልቶ ያለቀ የማረሻ ስለትም ስብራት ስላልሆነ ቀጥቃጩ ዘንድ ይሂድ። ቀጥቃጩ እንጀራው እንዳይዘጋበት ይኼ ደንብ መሆኑ ደግ ነው።

ሰብሳቢ
እስካሁን የተስማማንበት፦ ፕላንት ግሮውዝ በዓመት አንዴ፣ ከቡቃያ በኋላ፤ አምስት በርሜል በየማለዳው፣ ስድስተኛው መጠባበቂያ፤ ሁለት የቅስት መብራት በ140 ወርቅ፤ ሜንዲንግ በስብራት ቁጥር። ከቀሪው 160 ወርቅ ላይ 100ው ለጎተራ ይያዝ። ለድሩይዱ ምን ይከፈለው? ሕጉ ለ3ኛ ደረጃ ድግምት ዋጋ አላስቀመጠም። ከትርፉ ምርት አስራት ብዬ አስገብቼዋለሁ፣ ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ይጻፍ።

የድሩይድ ተጫዋች
አስራቱ ይቅር። በእርሻው ዳር ያለው ጫካ እንዳይቆረጥ መንደሩ ይማልለት፣ ድሩይዱ ከዚህ ሌላ አይጠይቅም።

ሂሳብ ያዥ
የጎተራው እንጨት ታዲያ ከየት ሊመጣ ነው?