ኮታ ወይስ ዋስ? ስለ ሐይቅ ዳር ሆቴል ቅጥር ክርክር

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት መከራከሪያ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ፣ 120 ሠራተኛ ያለው ሆቴል እንውሰድ። ባለቤቱ አንድ የብዝኃነትና አካታችነት ኃላፊ ሊመድብ አስቧል። ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በሐይቁ ዳር ከሚኖረው፣ ከተገለለው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሚመጡ ሰዎች በርከት ብለው እንዲገቡ፣ ከገቡም እንዲያድጉ ነው የሚፈልገው። ኃላፊው ኮታ ይዞ ይነሣ ወይስ ያለ ኮታ አሠራሩን ብቻ ያስተካክል? ተከራካሪዎቹ በቅጽል ስማቸው ይጠራሉ። የድርጅት ስም አይጠራም፤ በብሔር መወራረፍም የለም።

የሽምብጡ፦
ኮታን እቃወማለሁ። በኮታ የገባ ሰው ቢሠራም ባይሠራም «በኮታ ነው የገባው» ይባላል፤ ስሙ ከመጀመሪያው ቀን ይጎድፋል። ደግሞ ይህ የብዝኃነትና አካታችነት ነገር ከፈረንጅ ፕሮጀክት ጋር የመጣ ነው። አሜሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶቿ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አስወጥታዋለች። እነሱ የጣሉትን እኛ ምን ብለን እናነሣለን?

የግሽ ዓባዩ፦
ጋሼ፣ ከፈረንጅ መጣ የሚለውን ብቻ ላርም። የእኛ ሕግ የማንንም ፕሮጀክት አልጠበቀም። ለሴቶች የተለየ የድጋፍ እርምጃ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ላይ አለ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 በ2000 ወጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ሴትና ወንድ እኩል ውጤት ካመጡ በቅጥርም በዕድገትም ሴቷ ትቅደም ይላል። ልብ በሉ፣ «እኩል ውጤት» ነው የሚለው፤ የግል ሆቴል ይህን ያህል ሴት ይቅጠር አላለም። ኮታ የሕግ ግዴታ ነው የሚል ካለ እሱም ተሳስቷል።

የፔዳዋ፦
ኮታና ግብ አይቀላቀሉብን። ኮታ ወንበሩ ተይዟል ማለት ነው። ግብ ደግሞ እዚህ ቁጥር ካልደረስን ለምን እንዳልደረስን ቁጭ ብለን እንጠያየቃለን ማለት ነው። እኔ ከግብ ጋር ነኝ፤ ግን ግብ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ይቁጠር። «ከሠራተኞቻችን ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው» የሚል ሆቴል ሞልቷል። ክፍል በክፍል ሲታይ ግን አልጋ አንጣፊውና ልብስ አጣቢው ሴት፣ ከዋናው ሼፍ እስከ ምግብና መጠጥ ኃላፊው ወንድ ሆኖ ይገኛል። በክፍል፣ በደረጃና በደመወዝ እርከን ለየብቻ ካልተቆጠረ ድምሩ ያታልላል።

ሒሳቡንም እንየው። ከ120ው 14ቱ ተቆጣጣሪዎች ናቸው፣ ከእነሱ 3ቱ ሴቶች ናቸው እንበል፤ 6 እንዲሆኑ ተፈለገ። በዓመት 2 ተቆጣጣሪ የሚለቅ ከሆነ፣ የተለቀቀው ቦታ ሁሉ ለሴት ቢሰጥ እንኳ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከሁለቱ አንዱ ቢሰጥ 3 ዓመት። ይህን ሳያሰላ «እስከ መስከረም 6 ይሆናሉ» ብሎ የሚፈርም ኃላፊ መጨረሻው ይታወቃል፤ «ረዳት ተቆጣጣሪ» የሚባል መደብ ይፈጥርና ደመወዝ ሳይጨምር ሦስት ሴቶች ይሰይምበታል። ሪፖርቱ ላይ ያምራል።

የሽምብጡ፦
እኔስ ምን አልኩ? ለይስሙላ ነው የሚሆነው።

የጣና ዳሩ፦
እናንተ ስለ ወንበር ታወራላችሁ፣ ሰው በር ላይ ቀርቷል። የቅጥር ማስታወቂያ አንብቡ እስቲ፦ «መልካም ቁመና ያላት»፣ «ፎቶግራፍ የምታቀርብ»፣ «በቂ ዋስ ማቅረብ የምትችል»። የመጨረሻዋ ናት ዋናዋ። ዋስ ማለት በተግባር የደመወዝ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያጽፍ ደመወዝተኛ፣ አለዚያም የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ የሚያስይዝ ሰው ነው። አባቷ ከደንገል ታንኳ እያሰረ፣ እናቷ ቅርጫት እየሠራች ያሳደጓት የነገደ ወይጦ ልጅ ይህን ሰው ከየት ታመጣዋለች? ዘመዶቿ በሙሉ ሐይቁ ላይ ናቸው። ከገጠር ብቻዋን የመጣችውም፣ በማሳደጊያ ያደገውም እንዲሁ። ኮታ አወጣችሁ አላወጣችሁ፣ ዋስ እስካለ ድረስ ፈተናው ላይ የሚቀመጠው ያው ዘመድ ያለው ነው።

የግሽ ዓባዩ፦
እዚህ ላይ ብዙ አሠሪ የማያውቀው ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ የዋስትናው ውል ዋጋ የለውም ይላል። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የምትል ከአገልግሎት ብዛት የደበዘዘች ፎቶ ኮፒ ላይ የሚያስፈርም ሆቴል እንግዲህ ሰውን በሩ ላይ ያስቀረው ፍርድ ቤት ብትቀርብ በማታዋጣ ወረቀት ነው።

የሽምብጡ፦
ወረቀቷ ፍርድ ቤት አትቁም፤ ሥራዋ ማስፈራት ነው። ከግምጃ ቤት አንድ ካርቶን ውስኪ ሲጠፋ ማንን ልያዝ? ዋሱን አንሣ ማለት ቀላል ነው።

የፔዳዋ፦
ከሁሉም ይነሣ አልተባለም። አልጋ አንጣፊ፣ አትክልተኛ፣ ዕቃ አጣቢ፣ አስተናጋጅ ምን ይዛ ትጠፋለች? እነዚህ ላይ ዋስ የሚጠየቀው ቅጹ ላይ ስለታተመ ብቻ ነው። ዋስ ገንዘብና ንብረት በእጃቸው ለሚገባ መደቦች ይቅር፤ ከ120ው ቢበዛ 8 ወይም 10 ቢሆኑ ነው። ለእነሱም ልኩ በእጃቸው ከሚያድረው ጋር ይመጣጠን። ካሸሯ በፈረቃዋ የምትረከበው የመልስ ገንዘብና የቀኑ ሽያጭ ይታወቃል፤ ገቢው በየፈረቃው በሁለት ፊርማ ተቆጥሮ ወደ ካዝና ከገባ እጇ ላይ ብዙ አያድርም። መድን ድርጅቶችም ለሠራተኛ እምነት ማጉደል የሚሸጡት ሽፋን አለ። ግምጃ ቤት ላይ የሚያድነው በየሳምንቱ ቀኑ ሳይነገር ጥቂት ዕቃ መርጦ መቁጠር ነው። ዓመት ሙሉ ሳይቆጠር ሰኔ 30 የሚቆጠር ግምጃ ቤት ዋስ ቢኖረውም ይጎድላል፤ ማን እንዳጎደለው ማረጋገጥ አይቻልማ።

የፖሊው፦
ወደ አካል ጉዳተኞች ልምጣ፤ እዚህ ላይ ወሬው ብዙ ሥራው ትንሽ ነው። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ ይኑረው ካለ ስንት ዓመቱ ነው። ሆቴሎቹ ራምፕ ሠርተዋል፣ ግን ለሻንጣ ጋሪ ነው የሠሩት። ትክክለኛው ተዳፋት 1 ለ12 ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለሦስት ደረጃ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ያስፈልጋል። ቦታ የለም ተብሎ 2 ሜትር ላይ ይቆረጥና ከ1 ለ5 የባሰ ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ሰው ብቻውን ገፍቶ አይወጣውም፣ ሲወርድ ደግሞ ወደ ፊት ይደፋዋል። ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ይለጠፍበታል፤ ክረምት ሲገባ ለጤነኛውም አይሆንም። ሻካራ ሲሚንቶ ይበቃ ነበር። በር ሲከፈት ነጻ ስፋቱ ቢያንስ 80፣ ቢቻል 90 ሳንቲ ሜትር፤ መጸዳጃ ውስጥ ዊልቸር ዞሮ የሚመለስበት 1 ሜትር ከ50። አንድ ነገር አትርሱ፣ እንግዳው የሚገባበት በር ተስተካክሎ የሠራተኛው የጓሮ በር ደረጃ ሆኖ ይቀራል። ልብስ መቀየሪያው በደረጃ ወደ ታች የሚወረድበት ክፍል ነዋ።

የግሽ ዓባዩ፦
የአካል ጉዳተኞች አዋጁ 568/2000 የሚጠይቀው ራምፕ ብቻ አይደለም። የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ማመቻቸት፣ ካስፈለገ ረዳት መመደብም አለበት። አሠሪው «ከአቅሜ በላይ ነው» ማለት ይችላል፤ ሲመዘን ግን የድርጅቱ መጠን፣ ወጪውና የሠራተኛው ብዛት ይታያል። አድልዎ ደርሶብኛል ተብሎ ክስ ሲቀርብ የማስረዳት ሸክሙ በአሠሪው ላይ ነው። ድክመቱ ቅጣቱ ነው፤ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር። ከማንኛውም ራምፕ ይረክሳል።

የፔዳዋ፦
መስማት የተሳናት አልጋ አንጣፊ ትቀጠር እንበል፤ የሚበላሸውን ላሳያችሁ። የአልጋ አንጣፊ ደንብ በር ሦስቴ አንኳኩቶ መልስ ማዳመጥ ነው። እሷ «ቆይ» የሚለውን አትሰማም፣ ትከፍታለች፤ እንግዳው ይቆጣል፣ ተቆጣጣሪዋ «አልኳችሁ እኮ» ትላለች። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በሁለት እንዲህ ዓይነት ቅሬታ ያልቃል። ችሎታዋን ግን ማንም አልፈተነውም። መላው ቀላል ነው። ጠዋት የለቀቁ ክፍሎች ዝርዝር ከእንግዳ መቀበያ ሲመጣ ባዶዎቹ ለእሷ ይሰጡ፣ እንግዳ ያለባቸው ክፍሎች ላይ ከሌላ ሠራተኛ ጋር በጥንድ ትግባ። በሬዲዮ መጥራት ቀርቶ በሚንቀጠቀጥ ስልክ አጭር መልእክት ይሁን። ለእሳት ማንቂያው ብልጭ የሚል መብራት ኮሪደሩ ላይ ይተከል። ተቆጣጣሪዋና ሁለት ባልደረቦቿ የምልክት ቋንቋ መሠረቱን ይማሩ፤ ይህ ግን ከመቀጠሯ በፊት እንጂ 59ኛው ቀን ላይ አይደለም።

የሽምብጡ፦
ይህን ተቀብያለሁ። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

የጣና ዳሩ፦
ወደ ጣና ገዳማት ስለሚሄደው የጀልባ ጉዞም ልናገር፤ ሆቴሉ የራሱን አስጎብኚዎች ከያዘ። ክብራን ገብርኤል ሴት አታስገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ይህ የገዳም ሥርዓት ነው፣ የሆቴል ኃላፊ የሚነካው አይደለም። ችግሩ ድልድሉ ላይ ነው። «ሴት አስጎብኚ ሁሉ ቦታ አትገባም» ይባልና የጉዞ ተራ ሲወጣ ከነአካቴው ትዘለላለች፤ ጉርሻውም ያልፋታል። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ሴት ታስገባለች፤ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም አዝዋ ማርያምም ያስገባሉ። አብዛኛው እንግዳ የሚሄደው ደግሞ ዘጌ ነው። ተራው በስም ዝርዝር ይውጣ፤ ክብራንና ዳጋ ያለበት ጉዞ ሲመጣ ወንዱ ይሂድ፣ ቀጣዩ የዘጌ ጉዞ የእሷ ይሁን። ማን ስንት ጊዜ እንደወጣ በወሩ መጨረሻ ይለጠፍ። ኮታ ሳይባል አለቀ።

የደንገሉ፦
የሁሉም ነገር መፈተኛ የሠራተኛው ማዕድ ነው፣ ማንም አላነሣውም። ነገደ ወይጦን «አብረን አንበላም» የሚለው ነውር አፍ አውጥቶ ላይናገር ይችላል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ይታያል። አራት ሰው ለአንድ ትሪ ሲቀርብ አንዱ ትሪ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ይቀመጣል። የቀረው «በልቻለሁ» ይላል። ኃላፊው ይህን በመጠይቅ አያገኘውም፤ ሄዶ ማየት አለበት። የእኔ ሐሳብ ትሪው ይቅርና ለሁሉም በነፍስ ወከፍ ሳህን ይቅረብ ነው።

የሽምብጡ፦
ይህንስ አልቀበልም! አብሮ መብላትን ራሱን አጥፍተህ ነው መገለልን የምታጠፋው? ሳህን ብትሰጣቸው ያው ጀርባቸውን ሰጥተው ይበላሉ።

የደንገሉ፦
ጋሼ፣ ጀርባ መስጠቱን እኔም አላጠፋሁትም። ሳህኑ የሚያደርገው ልጅቱ በየቀኑ ማን ከእሷ ጋር እንደሚበላ ፈተና ላይ እንዳትቀመጥ ነው። ሌላውን ጊዜ ይሥራው። ጉርሻ መስጠት የፈለገ ከሳህንም ይሰጣል።

የፔዳዋ፦
በማዕድ ጉዳይ እኔ ከሁለታችሁም አይደለሁም። ትሪው ይቆይ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ግን እየተቀያየሩ ከሁሉም ጋር ይብሉ፤ አለቃ የቀረበበትን ትሪ ማንም አይሸሸውም። ስለ ምግቡ ግን፦ ሥጋ በሚበላበት ቀን የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ከነድስቱና ከነቢላዋው ለየብቻ ይሁን፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም ወጥ ለሁሉም ስለሚሆን ጣጣ የለውም። በዐቢይ ጾም 6 ሰዓት ላይ የሚቀርብ ምሳ እስከ 9 ለሚጾመው ምሳ አይደለም፤ ሁለተኛ ዙር 9 ሰዓት ላይ ይኑር። ዓርብ ለጁምዓ የሚሄዱትን የሚተኩት አስቀድመው በፈረቃው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ በአፍ ፈቃድ ብቻ የሆነ እንደሆነ በአለቃው መልካምነት ላይ ይንጠለጠላል።

የግሽ ዓባዩ፦
ትንኮሳን ሳንነካ እንዳናልፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 እንደሚለው ሴቷን የተነኮሳት አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ፣ ወይም ባልደረባዋ ሆኖ ለአሠሪው ተነግሮት በወቅቱ እርምጃ ካልወሰደ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ለቃ የስንብት ክፍያና የ90 ቀን ደመወዝ ካሣ ትጠይቃለች። ሆቴል ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚተነኩሰው እንግዳው ነው፤ እዚያ ላይ አንቀጹ ዝም ይላል። ክፍተቱን መሙላት ያለበት የቤቱ ደንብ ነው። 10 ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ይግባ።

የፔዳዋ፦
ደንቡ አጭር ይሁን። እንግዳው ከነካት ከክፍሉ ትወጣለች፤ ለመውጣቷ አትጠየቅም፤ ክፍሉን ወንድ ሠራተኛ ይጨርሰዋል፤ ፈረቃ መሪው በዚያው ሰዓት መዝገብ ላይ ያሰፍራል። የሌሊቱንም አትርሱ። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትመደብም፤ ይህ ሕግ ነው። ሌላዋ ሴት ግን 4 ሰዓት ላይ ሥራ ጨርሳ ባጃጅ በሌለበት መንገድ ቤቷ መድረስ አለባት። ሰርቪስ ያልያዘ ሆቴል «ሴቶች የማታ ፈረቃ አይፈልጉም» እያለ የማታውን አበል ለወንዶች ያከፋፍላል።

የሽምብጡ፦
አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ይህ ሁሉ ቆጠራ ብሔርንም ሊጠይቅ ነው?

የግሽ ዓባዩ፦
በፍጹም። የፋይዳ መታወቂያ እንኳ ብሔር አይጠይቅም፤ ሆቴል ምን ቤት ነው? በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ዝርዝር በፋይል ካቢኔ ውስጥ መቀመጡ ራሱ አደጋ ነው። ጾታ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፤ የአካል ጉዳት ሠራተኛው ራሱ ከፈቀደ ብቻ።

የደንገሉ፦
ታዲያ የነገደ ወይጦ ልጆች መግባታቸው በምን ይታወቃል? ካልተቆጠሩ እንደ ድሮው የሉም ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ ማስታወቂያው ሐይቅ ዳር ባሉ መንደሮቻቸው መለጠፉ ይመዝገብ።

የሽምብጡ፦
እሺ። ኮታ አልቀበልም፤ ለካሸርና ለግምጃ ቤት ዋስ ይቆያል፣ ልኩ ግን ይጻፋል። ማስታወቂያው ይቀየር። ጻፉልኝና ልየው።

የፔዳዋ፦
«አልጋ አንጣፊ፣ ብዛት 4። ማንበብና መጻፍ የሚችል/የምትችል። ፎቶግራፍና ዋስ አያስፈልግም። አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ፤ በፈተናው ቀን የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ አስቀድመው ይንገሩን። ምዝገባ እስከ ዓርብ 11 ሰዓት። የፈተና ቦታ፦ 2ኛ ፎቅ፣ የሰው ኃይል ቢሮ።»

የፖሊው፦
2ኛ ፎቅ? አሳንሰር አለው?

የፔዳዋ፦
የለውም። ምድር ቤት፣ ምግብ አዳራሽ በሉት።