ክብ ክብ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ኳሶች፦ ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ወይስ አዴኖይድ ሲስቲክ?

ሬዚደንት ጎንደር
ሰላም ለሁላችሁ። ከመንጋጋ ሥር ካለው የምራቅ እጢ በቀጭን መርፌ የተወሰደ ናሙና ነው። አየር ላይ ደርቆ በራይት ቀለም የተነከረው ስላይድ ላይ ትንንሽ፣ ጠቆር ያሉ ሴሎች በደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም ኳሶች ዙሪያ ተደርድረዋል። በፓፕ (አልኮል ውስጥ ለገባ ስላይድ በሚሆነው ሌላ ቀለም) ግን ኳሶቹ የሉም ማለት ይቻላል። እብጠቱ ቀስ ብሎ ያደገ ነው፤ ሲነካ ያማል። ካንሰር ያልሆነው ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ሳይሆን ካንሰር የሆነው አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ ነው ብሎ ለመጻፍ ኳሶቹ ብቻ ይበቃሉ?

ፓቶሎጂ አዘዞ
አይበቁም ዶክተር። በፓፕ መጥፋታቸው አያሳስብዎት፤ ማትሪክሱ (ሴሎቹ የሚያመነጩት፣ ኳሶቹ የተሠሩበት ነገር) በፓፕ ፈዝዞ መስታወት ይመስላል። ለምራቅ እጢ አየር ላይ የደረቀ ስላይድ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጠርዙን ይዩ። በአዴኖይድ ሲስቲክ የኳሱ ጠርዝ ጥርት ያለ ነው፣ ውስጡ ሴል የለም፣ ሴሎቹ ከውጭ ይከቡታል። የፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ማትሪክስ ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ክር ክር ይላል፤ ሴሎቹም ውስጡ ሰምጠው ይገኛሉ። የሚያሳስተው፣ ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማም አንዳንዴ ኳስ ያወጣል፤ ሌሎቹ የምራቅ እጢ እብጠቶች፣ ቤዛል ሴል አዴኖማና ኤፒተሊያል ማዮኤፒተሊያል ካርሲኖማም እንዲሁ። ስለዚህ ስላይዶቹን ከዳር እስከ ዳር ይፈልጉ። ጥጥ የመሰለ ማትሪክስ ውስጥ የሰመጡ፣ ፕላዝማ ሴል የሚመስሉ (ኒውክለሳቸው ወደ ጥግ የሆነ) ሴሎች ካገኙ ሚዛኑ ወደ ፕሊዮሞርፊክ ያደላል። በተቃራኒው ሶሊድ (ጥቅጥቅ ያለ) የሚባለው አዴኖይድ ሲስቲክ ኳሱ ጥቂት ስለሆነ፣ ኳስ አለመኖሩም ነፃ አያደርግም።

ማራኪ ላብ
አወሳሰዱም ያሳስታል። ከ23 እስከ 25 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ) መርፌ፣ 2 ወይም 3 ጊዜ ከተለያየ አቅጣጫ። ደም ከበዛ ሲሪንጁን ሳይስቡ መርፌውን ብቻ ያስገቡ። ጠብታው ትንሽ ይሁን፤ ከወፈረ በክረምት እርጥበት ቶሎ አይደርቅም፣ ኒውክለሱም ይደበዝዛል። ወዲያው እያወዛወዙ ያድርቁት። የፓፑ ስላይድ ደግሞ ሳይደርቅ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይግባ። ፈሳሽ ከወጣ ቀድተው ሲጨርሱ የቀረውን ጠጣር ክፍል እንደገና ይውጉ። ትርፉን ለሴል ብሎክ (ሴሎቹ በሰም ተጋግረው ለሚቆረጡበት) 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ያስቀምጡ፤ በሴል ብሎኩ ላይ የሚሠራው የሲዲ117 ፕሮቲን ምርመራ ብቻውን ግን ሁለቱን እብጠቶች አይለያቸውም።

ፓቶሎጂ አዘዞ
ካልተለየ በግድ ስም አይስጡት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የምራቅ እጢ ናሙና ሪፖርት አጻጻፍ፣ የሚላን አሠራር፣ ለዚህ 4ለ የሚል ክፍል አለው፦ ቲዩመር መሆኑ የታወቀ፣ አደገኛነቱ ያልተለየ። አዴኖይድ ሲስቲክ ነርቭ ተከትሎ ስለሚሄድ የምላስ መደንዘዝ ወይም የከንፈር ጥግ መዛነፍ መኖሩን ጠይቀው ሪፖርቱ ላይ ያስፍሩ። አደራ፣ በአማርኛ ሲያስረዱ ደግሞ ለአካሉም ለእብጠቱም «እጢ» አይበሉ፤ ታማሚው የምራቅ እጢ አለብኝ ብሎ ሊሄድ ይችላል።