ሩማቶይድ ያለበት ሰው ጉልበቱን ሲያስቀይር፣ እጁ ክራንች ካልያዘለትስ?

የጠዋት እጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያዎች የሚያጠቃበት በሽታ) ከያዘኝ 14 ዓመት ሆነኝ፣ ዕድሜዬ 43 ነው። ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት አልቋል። ራጁ ላይ አጥንት ከአጥንት ጋር ተገናኝቶ በዓይኔ አይቻለሁ። የአጥንት ሐኪሙ "መቀየር አለበት" ካለኝ ስድስት ወር አለፈ። እኔ እስካሁን እሺም እምቢም አላልኩም።

ሰው ሁሉ "ቀላል እኮ ነው፣ እከሌ አስቀይሮ ይኸው ይሄዳል" ይለኛል። እከሌ ግን በዕድሜ ብዛት ጉልበቱ ያለቀበት ሰው ነው፤ እጁ ደህና ነው፣ ትከሻው ደህና ነው፣ ክራንቹን ይዞ ብድግ ይላል። የኔ ጣቶች ጠዋት ከነቃሁ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል አይታጠፉም። የእጄ አንጓ የውሃ ጠርሙስ መክፈት አቅቶታል። ከኦፕራሲዮን ወጥቼ በምን ልደገፍ ነው? ይሄን የጠየቀኝም የነገረኝም ሰው የለም።

ሌላው የሰውነት መከላከያን አርግቦ በሽታውን የሚይዝልኝ መድኃኒት ነው። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ እወስዳለሁ፣ አዳሊሙማብ መርፌ በየሁለት ሳምንቱ፣ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ 5 ሚሊግራም በየቀኑ። አንዱ "ሁሉንም አቁሚ፣ ቁስሉ አይድንልሽም" ይላል። ሌላው "ካቆምሽ በሽታው ይነሳብሻል" ይላል። ያለፋችሁበት ሰዎች እባካችሁ ሳታሳምሩ ንገሩኝ።

ሁለቱንም ያስቀየርኩ፦
እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ እንባዬ መጣ። የዛሬ ስምንት ዓመት እኔም ይሄንኑ ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። ሁለቱም ጉልበቶቼ ተቀይረዋል፣ ግራው መጀመሪያ፣ ቀኙ ከዓመት በኋላ።

በጣም የሚቆጨኝ የቆየሁበት ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት ፈራሁ። በዚያ ሦስት ዓመት ውስጥ ጉልበቴ እንደታጠፈ ቀረ፣ ቀጥ አልል አለ፣ የጭኔ ጡንቻ ሟሸሸ፣ ደህናው እግሬም የሁለቱን ሸክም ብቻውን ሲሸከም ከረመና እሱም ተበላሸ። ሐኪሙ ቆይቶ እንደነገረኝ ከቀዶ ጥገናው በፊት ጉልበቱ ምን ያህል ይታጠፍና ይዘረጋ እንደነበር ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚገኘውንም በብዙ ይወስነዋል። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ አልጠብቅም ነበር።

ወደ እጅሽ ልምጣ። ክራንች ለኛ አይሆንም፣ ሙሉ ክብደትሽን መዳፍሽና አንጓሽ ላይ ነው የሚጥለው። ክንድ የሚያርፍበት መራመጃ አለ። ከክርን እስከ አንጓ ያለውን ክንድሽን ለስላሳው ማሳረፊያ ላይ ታስተኚዋለሽ፣ በጣቶችሽ ወደ ፊት ያለችውን መያዣ ነካ ማድረግ ብቻ ይበቃል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሁለተኛው ቀን ነው፣ እዚያው አልጋ ላይ እያለቀስኩ። ተራ ክራንች ሰጥተውኝ አንጓዬ እንዲህ አብጦ አደረ። አንቺ ከመግባትሽ በፊት ተለማመጂበት፣ ቁመቱም በአንቺ ልክ ይስተካከል።

ወንበርሽንና የሽንት ቤት መቀመጫሽን ከፍ አድርጊ። ዝቅ ካለ ቦታ ስትነሺ ሳታውቂው በእጅሽ ነው የምትገፊው።

ሕመሙን አልደብቅሽም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው፣ በተለይ ሌሊቱ። ከጉልበትሽ ሥር ትራስ መክተት በጣም ያምርሻል፣ ያሳርፋልም፣ ግን እንዳታደርጊው፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይለምድና ለመዘርጋት ትሰቃያለሽ። ትራሱን ከቁርጭምጭሚትሽ ሥር አድርጊው። ሌላው ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት እጆቼና ትከሻዎቼ ተነሱብኝ። ኦፕራሲዮኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጉልበቱ ደህና ነበር፣ የተነሳው ሩማቶይዱ ነው፣ መርፌዬ ቆሞ ስለነበር። የተቀየረው መገጣጠሚያ ተቀየረ እንጂ በሽታው እኮ ሌላው ሰውነትሽ ውስጥ አለ።

የነርስ ማስታወሻ፦
የሩማቶሎጂ (እንደ ሩማቶይድ ያሉ የመገጣጠሚያ በሽታዎች) ክፍል ነርስ ነኝ። መድኃኒቱን በተመለከተ ልናገር፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ግን የሩማቶሎጂ ሐኪምሽና ቀዶ ሐኪሙ ተነጋግረው ይስጡሽ። ሁለቱ በቀጥታ ይነጋገሩ፣ አንቺ መልእክት አመላላሽ አትሁኚ።

"ሁሉንም አቁሚ" ያለሽ ሰው ተሳስቷል። ሜቶትሬክሴት እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ይሄ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ ከዳሌና ጉልበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ጋር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይም ያለ ነው። አዳሊሙማብ ግን የኢንፌክሽን ስጋት ስላለው ይዘለላል። ቀዶ ጥገናው የሚቀጥለው መርፌ ከሚደርስበት ቀን በኋላ እንዲሆን ይታቀዳል፣ ለምሳሌ በየሁለት ሳምንቱ የምትወጊ ከሆነ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት። ቁስሉ ደርቆ ስፌቱ ከወጣና የኢንፌክሽን ምልክት ከሌለ ይቀጥላል፣ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ጥገናው ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ።

ፕሬድኒሶሎንን በራስሽ እንዳታቆሚ። ለረጅም ጊዜ ስትወስጂው ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ይቀንሳል፣ በድንገት ካቆምሽው በቀዶ ጥገና ጭንቀት ውስጥ የደም ግፊትሽ ሊወርድ ይችላል። መጠኑን ለማደንዘዣ ሐኪሙ ንገሪ።

አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ፣ አንገትሽን። ሩማቶይድ ለዓመታት ሲቆይ የአንገትን የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን አጥንት የሚያስተሳስሩትን ጅማቶች ሊያላላ ይችላል። ሰመመን ሲሰጥ ደግሞ ቱቦ ለማስገባት አንገት ወደ ኋላ ይታጠፋል። ስለዚህ አንገትን አጎንብሶና ቀና ብሎ የሚነሳ ራጅ ቀድሞ ቢታይ ጥሩ ነው፣ በተለይ አንገት የሚያምሽ ወይም እጅሽን የሚደነዝዝሽ ከሆነ። ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝ ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። ጥርስሽን አሳዪ፣ የእግር ጣቶችሽ መካከል ያለ ቁስል ካለም ይታከም። ትንሽ ቁስል ናት ብለሽ አትለፊያት።

የእናቱ ልጅ፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ሳታሳምሩ ስላለች የእናቴን ልንገራት። እናቴ 67 ዓመታቸው ነው፣ ሩማቶይድ አለባቸው። ዳሌያቸውም ጉልበታቸውም ተጎድቶ ስለነበር ዳሌው ቀደመ፣ እሱ ሳይስተካከል ጉልበቱን ማሠራት ይከብዳል ተባለ። ዳሌው ያለችግር ዳነ። ጉልበቱ ግን ከተቀየረ በሁለተኛው ወር ቀላ፣ ጋለ፣ በጠባሳው በኩል ፈሳሽ ወጣ። እኛ "ይደርቃል" ብለን አራት ቀን ጠበቅን። ያ አራት ቀን እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ኢንፌክሽን ነበር። ተከፍቶ ታጠበ፣ በተተካው ጉልበት ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ተቀየረ፣ ለብዙ ሳምንታት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ወሰዱ። ዛሬ ይራመዳሉ፣ ግን መንገዱ ረጅም ነበር።

የምታስታምሙ ሰዎች ደግሞ በሽተኛን በእጁ ስባችሁ አታንሱ። እኔ እናቴን የረዳሁ መስሎኝ በእጃቸው ስቤ ሳነሳቸው ትከሻቸውን ጎዳሁት። ከጎን ሆናችሁ ከጀርባና ከወገብ ደግፉ።

የጠዋት እጅ፦
የእናቱ ልጅ፣ እግዚአብሔር ለእናትህ ጨርሶ ይማርልህ። እኔም ኢንፌክሽኑን ነው በሌሊት የማስበው። ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። "ገና 43 ነሽ፣ ብረቱ ያልቅና ሌላ ኦፕራሲዮን ይመጣል፣ እስከ 60 ታገሺ" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

የነርስ ማስታወሻ፦
ግማሹ እውነት ነው። በወጣትነት የተቀየረ መገጣጠሚያ አንድ ቀን እንደገና የመቀየር ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ብዙ ዓመት ስለሚሠራ። ግን በ2019 እ.ኤ.አ. ከተለያዩ አገሮች መዝገቦች ተሰብስቦ የወጣው ጥናት፣ ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ 100 ጉልበቶች 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ አሳይቷል። ይሄ የሁሉም ሕመምተኛ አማካይ ነው፣ የአንቺ ብቻ አይደለም። እስከ 60 መታገሥ ማለት ደግሞ 17 ዓመት ሳትራመጂ መቀመጥ ማለት ነው። በሩማቶይድ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚያመጣ "ሁለቱንም ያስቀየርኩ" ነግራሻለች።

ኢንፌክሽኑ ለሩማቶይድ ሕመምተኞች ከሌላው ሰው ይልቅ ያሰጋል፣ አልዋሽሽም። ትኩሳት፣ የሚጨምር መቅላት ወይም ፈሳሽ ካየሽ በዚያው ቀን ለቀዶ ሐኪሙ ደውዪ፣ ከሌላ ቦታ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አትጀምሪ። ባትሽ ካበጠና ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ ጊዜ ሳትፈጂ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

የጠዋት እጅ፦
ሁለቱንም ሐኪሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ላገኛቸው ቀጠሮ ያዝኩ። አንገቴ ቀና ስል የመብራት ንዝረት የሚመስል ነገር ወደ ጣቶቼ ይወርድ ነበር፣ የድካም መስሎኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መጀመሪያ እሱን እናገራለሁ።

የነርስ ማስታወሻ፦
ይሄንን ቀጠሮው እስኪደርስ አታቆዪው። ነገ ጠዋት ለሩማቶሎጂ ሐኪምሽ ደውለሽ ልክ አሁን እንደጻፍሽው ንገሪያቸው። እስከዚያ አንገትሽን ማንም እንዳያሽልሽ።

ሁለቱንም ያስቀየርኩ፦
እህቴ፣ ነገ ከደወልሽ በኋላ ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልን። እጅሽ ከከበደሽ ሁለት ቃል ይበቃል።