ክርክር፦ የማርኬቲንግ ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ በማስታወቂያ ላይ በቁጥር ይጻፍ ወይስ «በስምምነት» ይብቃ?

ከገላን፣ በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለች

በዚህ ሳምንት በገላን መስመር በሚገኝ አንድ ፋብሪካ በር ላይ የተለጠፈ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ቆሜ አነበብኩ። መደቡ የማርኬቲንግና ሽያጭ ሥራ አስኪያጅ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ስምንት ዓመት ልምድ፣ ከዚያ ውስጥ አራቱ በኃላፊነት፣ መንጃ ፈቃድ፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር፣ በቂ ዋስ የሚያቀርብ ይላል። ከአመልካቹ የሚፈለገው አንድም ሳይቀር ተዘርዝሯል። ደመወዝ የሚለው መስመር ግን «በስምምነት» ተብሎ ታልፏል።

ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ አሠሪ የሚከፍለውን፣ ቢያንስ መነሻውንና ጣሪያውን፣ በማስታወቂያው ላይ እንዲጽፍ በሕግ መገደድ የለበትም ወይ? እኔ አለበት እላለሁ።

ምክንያቴ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ይዤው የምገባው ደብዳቤ ላይ የመጨረሻ ደመወዜ በአኀዝና በፊደል ተጽፏል፤ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ተገልጾ ማኅተም አርፎበታል። አሠሪው ገና አፌን ሳልከፍት የእኔን ቁጥር ያውቃል፤ እኔ ግን የእሱን አላውቅም። ከዚያ «ስንት ትጠብቂያለሽ?» ይባላል። ከደብዳቤው ከፍ ያለ ቁጥር ስጠራ «አበዛሽው» ተብሎ፣ ከበፊቱ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ይቋጫል። ሥራ ሲጀምር በአነስተኛ ደመወዝ የተቀጠረ ሰው ቦታ በቀየረ ቁጥር ያንኑ ማነስ ተሸክሞ ይዞራል። የሚከፈለው ለሚሠራው ሥራ ሳይሆን ለቀድሞ ታሪኩ ነው። ይህን ስምምነት ብዬ መጥራት ይከብደኛል።

ከዱከም፣ የፕላስቲክ ውጤቶች ፋብሪካ ባለቤት

እህቴ፣ ቅሬታሽ ይገባኛል፤ መፍትሔሽን ግን አልቀበልም። የማሽን ኦፕሬተር ስቀጥር በስምንት ሰዓት ምን ያህል እንደሚያመርትልኝ አስቀድሜ አውቃለሁ። በማርኬቲንግ እንዲያ ማወቅ አይቻልም። አንዱ ሲመጣ የሐዋሳን፣ የሻሸመኔን፣ የድሬዳዋን አከፋፋዮች በስም እየጠራ ይመጣል፤ ማን በዱቤ ወስዶ በጊዜው እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያጉላላ ያውቃል። ሌላው ዲግሪውን ብቻ ይዞ ይመጣል። ለሁለቱ አንድ ቁጥር ልጻፍ?

ሌላም ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት የእኔ ችግር ገበያ ሳይሆን ጥሬ ዕቃ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ስጠብቅ ማሽኖቼ ይቆማሉ፤ ያመረትኩት ደግሞ መጋዘን ሳይገባ ይሸጣል። ያኔ የሚፈለገው ዕቃ የሚያስገባ ሰው እንጂ የሚሸጥ ሰው አልነበረም፤ የማርኬቲንግ ክፍሌ ማለት ደረሰኝ የሚቆርጥ ሠራተኛ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዶላሩ ቢወደድም ይገኛል፤ ጎረቤቴም ያመርታል፣ እኔም አመርታለሁ፤ አሁን መጋዘኔ ውስጥ ባልዲና ጀሪካን እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። የሻጭ ዋጋ በአጭር ጊዜ እንዲህ ሲለዋወጥ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያስረኛል።

ደግሞም ማስታወቂያውን የሚያነበው አመልካች ብቻ አይደለም። አሥር ዓመት አብረውኝ የሠሩ ሰዎችም ያነቡታል።

ከቱሉ ዲምቱ፣ የሒሳብ ባለሙያ

ይጻፍ ከተባለ የትኛው ቁጥር እንደሚጻፍ መጀመሪያ እንነጋገር። እኔ በየወሩ የደመወዝ ዝርዝር የማዘጋጅ ሰው ነኝ፤ ትልቁ ጠብ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው።

40,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ እንውሰድ። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በደረጃ እየጨመረ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ከ40,000 ላይ የሥራ ግብሩ 11,950 ብር ይመጣል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ 2,800 ብር። እጅ ላይ የሚገባው 25,250 ብር ይሆናል። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ጡረታ ይጨምራል፤ 4,400 ብር። ስለዚህ ባለቤቱ «44,400 አወጣሁ» ሲል፣ ሥራ አስኪያጁም «25,250 ደረሰኝ» ሲል ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አሁን ደግሞ ያው 40,000 ብር ለሁለት ሲከፈል እንየው፦ 20,000 መሠረታዊ፣ ቀሪው የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የስልክ፣ የኃላፊነት አበል። ጡረታ የሚሰላው በመሠረታዊው ላይ ብቻ ነው። አሠሪው ከመዋጮው 2,200 ብር ይቀንስለታል፤ ሠራተኛውም ለጊዜው ከፍ ያለ ገንዘብ ይዞ ይወጣል። ዕድሜው ደርሶ ጡረታው ሲሰላለት ግን የሚታሰብለት በ20,000ው ነው። ማስታወቂያ ላይ «40,000» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል። መሠረታዊው ተለይቶ የማይጻፍ ከሆነ ባይጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሰበታ፣ በመጠጥ ዘርፍ የማስታወቂያ ሥራ የሠራ

የዱከሙ ጋሼ የሻጭ ዋጋ ይለዋወጣል ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ በራሴ አይቼዋለሁ። የቢራ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በነበረበት ዘመን የማስታወቂያ ኃላፊ ማለት ትልቅ ሰው ነበር። የስፖርት ፕሮግራሙ፣ የበዓል ዋዜማ ዝግጅቱ፣ ኮንሰርቱ ሁሉ በእሱ በጀት ይንቀሳቀሳል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲወጣ የአልኮል ማስታወቂያ ከብሮድካስት ወጣ። የእኛም እጅ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ የሚፈለገው ግሮሰሪውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የሣጥን ተመላሹን፣ የአከፋፋዩን ቅናሽ የሚያውቅ ሰው ሆነ። የማስታወቂያ ፊልም ማሠራት የሚችለው ባለሙያ ወደ ባንክ፣ ወደ ቴሌኮም፣ ወደ ቤት አልሚዎች ሄደ፤ ያልቀናው ደግሞ በዝቅተኛ ደመወዝ ቆየ። ሙያው አልተቀየረም፤ በእጁ የሚያልፈው በጀት ግን ተቀየረ።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቼ ከጋሼ ጋር በተቃራኒው እቆማለሁ። ዋጋው የሚለዋወጥ ከሆነ መጻፉ ይበልጥ ያስፈልጋል። እኔ ከመጠጥ ዘርፍ ስወጣ ባንኮች ለአንድ የማርኬቲንግ ኃላፊ ስንት እንደሚከፍሉ የማውቅበት መንገድ አልነበረም፤ የተሰጠኝን ተቀበልኩ። ቲማቲም እንኳን ሲወደድም ሲረክስም ዋጋው በገበያ መሐል ይጠራል።

ከቡራዩ፣ መምህር

እኔ ከሙያው ውጭ ነኝ፤ ግን የመንግሥት ደመወዝ ስኬልን የማያውቅ ሰው የለም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ 11,500 ብር መሆኑን የሰፈራችን ሁሉ ያውቃል። ስለታወቀ ሰማይ አልተደፋም። ያነሰብን ሰዎች ያነሰብንን በግልጽ እንናገራለን፤ ቢያንስ ስለ አንድ ቁጥር ነው የምንከራከረው።

በውጭም ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ኮሎራዶ ከ2021፣ ካሊፎርኒያ ከ2023 ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አሠሪዎች በማስታወቂያቸው ላይ የደመወዝ መነሻና ጣሪያ እንዲጽፉ ያስገድዳሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው መመሪያ ደግሞ አመልካችን «በፊት ስንት ይከፈልህ ነበር?» ብሎ መጠየቅን ይከለክላል፤ አባል አገሮች እስከ ሰኔ 2026 በሕጋቸው እንዲያካትቱት ቀን ተቆርጦላቸዋል። የገላኗ እህታችን ያነሣችው የደብዳቤ ጉዳይ እዚያም ተነሥቶ ነበር ማለት ነው።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ስለ ግንቦት 2024 ያወጣውን ሳነብ አንድ ነገር አስገርሞኛል። የማርኬቲንግ ሥራ አስኪያጆች መካከለኛ ዓመታዊ ክፍያ 161,030 ዶላር ሲሆን የማስታወቂያና ፕሮሞሽን ሥራ አስኪያጆች 126,960 ዶላር ነው። ለምን ተለያየ? የሙያው ሰዎች ብታስረዱኝ።

ከገላን፣ በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለች

መምህር፣ እንደሚመስለኝ የማስታወቂያ ሥራ አስኪያጅ በእጁ ያለው መልእክቱና የማስታወቂያው በጀት ነው። የማርኬቲንጉ ዋጋ ይወስናል፣ ምርቱ በምን መጠንና በምን ማሸጊያ እንደሚወጣ ይወስናል፣ ለየትኛው ገበያ እንደሚሄድ ይወስናል። ለትርፉም ለኪሳራውም የሚጠየቀው እሱ ነው።

በእኛ ዳርቻ ባሉ ፋብሪካዎች ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ይወድቃሉ። ጠዋት ላይ ለአታሚ የተለጣፊ ሥራ ታዘጋጃለህ፣ ረፋዱ ላይ ከአከፋፋይ ጋር ስለ ያልተከፈለ ዱቤ ትጨቃጨቃለህ፣ ከሰዓት በኋላ የኤግዚቢሽን ቦታ ለመያዝ አዲስ አበባ ትወርዳለህ። ዋጋ የመወሰን ሥልጣን ግን የባለቤቱ ነው። ኃላፊነቱ የማርኬቲንግ፣ ሥልጣኑ ከማስታወቂያ ሠራተኛ ያነሰ ሆኖ ይቀራል፤ ደመወዙም ሥልጣኑን ይከተላል።

ከለገጣፎ፣ በሰው ሀብት አስተዳደር የሚሠራ

ሁለት የሕግ ነጥቦች ላክል። አንደኛ፣ በሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ደመወዝ የምንጽፈው ለተንኮል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 የአሠሪ ግዴታዎች ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈል የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ለሠራተኛው እንድንሰጥ ያዝዛል።

ሁለተኛ፣ ያው አዋጅ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። የሥራ መሪ የሚባለው ደግሞ የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለው ነው። ብዙ ድርጅቶች «ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ስም ሰጥተው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያስቀራሉ፤ ሰውየው ግን አንድ ሾፌር እንኳን የመቅጠር ሥልጣን የለውም። ስሙ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። ቅዳሜና እሁድን በገበያ ውስጥ የሚያሳልፍ የማርኬቲንግ ሰው ይህን ቢያውቅ ከደመወዙ ቁጥር እኩል ይጠቅመዋል።

በግዴታው ግን አልስማማም። ግዴታ ከመጣ አሠሪው «ከ15,000 እስከ 90,000 ብር» ብሎ ይጽፋል። ሕጉ ተፈጸመ ይባላል፤ አመልካቹም የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

ከሱሉልታ፣ የታሸገ ውኃ የሽያጭ ሠራተኛ

የሥራ አስኪያጁ ብቻ ለምን? የእሱ ጉርሻ የሚወጣው እኛ ከምናሟላው ኮታ ነው። በመኪና ተጭኖ የሚሄደውን ውኃ ሱቅ በሱቅ የምናራግፈው እኛ፣ ኮታው ሲጎድል የሚቆረጥብን እኛ። የእኛም ይጻፍ።

ከዱከም፣ የፕላስቲክ ውጤቶች ፋብሪካ ባለቤት

የሱሉልታው ወንድሜ ኮታ ስላነሣ ስለ ኮሚሽን ልናገር፤ የዚህ ሥራ ክፍያ ዋና ክፍል እሱ ነውና። በፊት ለሽያጭ ኃላፊዬ ከጠቅላላ ሽያጩ በመቶኛ እከፍል ነበር። ምንዛሪው ሲለወጥ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ናረ፣ እኔም የባልዲውን ዋጋ ጨመርኩ፤ የሸጥነው ባልዲ ቁጥር ሳይጨምር የእሱ ኮሚሽን በብር ከፍ አለ። እሱ የሠራው አዲስ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ስሌቱን በብር መሆኑን ትቼ በተሸጠው ብዛት አደረግኩት። አሁን ደግሞ እሱ ከተማው ውስጥ ያለውን ቀላል ገበያ ብቻ ያሳድዳል፤ ሩቅ ያለውን፣ አዲስ የሚከፈተውን ገበያ አይነካም፤ ብዛት ቶሎ አይመጣበትምና። ገና መልስ ያላገኘሁበትን ነገር በማስታወቂያ ላይ እንዴት ልጻፍ? መሠረታዊውን ጻፍ ካላችሁኝ እሺ። ኮሚሽኑን ግን አልጽፍም።

ከገላን፣ በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለች

ጋሼ፣ መሠረታዊውን እጽፋለሁ ማለትዎ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ኮሚሽኑን በተመለከተ መጠኑን ባይጽፉም በምን እንደሚሰላ ይጻፉ፤ በብር ይሁን በብዛት፣ ዱቤ ሲሸጥ ይታሰብ ወይስ ገንዘቡ ሲገባ። በዱቤ ሽያጭ ላይ ኮሚሽን የሚያገኝ ሰውና ገንዘቡ ሲሰበሰብ ብቻ የሚያገኝ ሰው አንድ ሥራ አይሠሩም። ይህን የሥራው ውል ከተፈረመ በኋላ የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው።

ነባር ሠራተኞች ያኮርፋሉ ላሉት፦ ቁጥሩን በማየታቸው ቅር የሚላቸው ከሆነ ቅሬታው ቁጥሩ ሳይታይም ነበረ ማለት ነው። አከፋፋዮቹን በስልኩ ይዞ የሚመጣውን ሰው ደግሞ በጣሪያው ይቅጠሩት፤ ዲግሪውን ብቻ የያዘውን በመነሻው። መነሻና ጣሪያ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የለገጣፎው ወንድሜ የጠቀሰው አንቀጽ 12 ክርክሬን የሚያጠናክር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሕጉ የሠራተኛውን ደመወዝ ጻፉ ብሎ ማዘዝን ያውቅበታል ማለት ነው። ያዘዘው ግን ከጠረጴዛው በአንደኛው ወገን ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። የሌላኛውን ወገንም ይዘዝ፤ ወይም ከልምድ ደብዳቤው ላይ ደመወዙ ይውጣ። አንዱ ቢሆን እንኳን ሚዛኑ ይስተካከላል። የተለጠጠ ቁጥር ለሚጽፍ አሠሪም መላ አለው፦ ጣሪያው ከመነሻው አንድ ተኩል እጥፍ አይለፍ ተብሎ ይደንገግ።

ከዱከም፣ የፕላስቲክ ውጤቶች ፋብሪካ ባለቤት

ሁሉንም ብቀበል እንኳን አንድ ነገር ይቀራል። እኔ ጽፌ ከአጥር ማዶ ያለው ፋብሪካ ካልጻፈ፣ እሱ በእኔ ቁጥር ላይ ሁለት ሺህ ብር ጨምሮ ሠራተኛዬን ይወስዳል። ብቻዬን አልጀምርም።

ከገላን፣ በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለች

በፈቃደኝነት ይሁን ያላልኩት ለዚህ ነው፣ ጋሼ። እርስዎም ጎረቤትዎም በአንድ ቀን እንድትጽፉ ሕጉ ይዘዝ።